ስለ አስም መጠይቆች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አስም ያለባቸው አዋቂዎች ለክትትል ሲሄዱ ከሚሞሏቸው አጫጭር መጠይቆች መካከል በስፋት የሚታወቀው ኤሲቲ የተባለው የአስም ቁጥጥር መለኪያ ነው። መጠይቁ ባለፉት 4 ሳምንታት አስሙ ሥራን ምን ያህል እንዳስተጓጎለ፣ ትንፋሽ በየስንት ጊዜው እንዳጠረ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ እንደቀሰቀሰና ማስታገሻው ፓፍ ምን ያህል እንደተወሰደ ከጠየቀ በኋላ፣ በአምስተኛው ጥያቄ ታካሚው ሕመሙን ምን ያህል እንደተቆጣጠረው ራሱ እንዲመዝን ያደርጋል። ድምሩ ከ5 እስከ 25 ሲሆን 20ና ከዚያ በላይ ምልክቶቹ በደንብ በቁጥጥር ሥር እንደሆኑ፣ 15ና ከዚያ በታች ደግሞ ቁጥጥሩ እጅግ ደካማ እንደሆነ ያመለክታል።

«መጠይቁ አስም እንዳለብኝ ይነግረኛል።»
አይነግርም። የልብ ሕመምም ሆነ የደም ማነስ ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል፣ አስም የሚለየው በሕመሙ ታሪክ፣ በሐኪም ምርመራና ስፓይሮሜትሪ በሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ነው።

«ከፍተኛ ነጥብ ምንጊዜም ጥሩ ነው።»
በኤሲቲ እውነት ነው፤ ኤሲኪው በተባለው ሌላ መጠይቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤሲኪው ያለፈውን 1 ሳምንት ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 6 ባለው አማካይ ይሰላል፤ 1.5ና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤትም አስሙ በቂ ቁጥጥር እንደሌለው ያሳያል። ስለዚህ የመጠይቁ ስም ያልተጻፈበት ነጥብ በሕክምና ካርድ ላይ ቢገኝ እምብዛም አይጠቅምም።

«ነጥቤ ጥሩ ስለሆነ ፓፉን ማቆም እችላለሁ፤ አጣዳፊ ሕመምም አያሰጋኝም።»
ከሁሉም አደገኛው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። ብዙውን ጊዜ ነጥቡ የተሻሻለው በየቀኑ የሚወሰደው የስቴሮይድ ፓፍ የአየር ቧንቧውን ብግነት ስላበረደ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብግነቱ ሊመለስ ይችላል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ መጠኑን ስለ መቀነስ እንዲታሰብ የሚመክረው ቁጥጥሩ ለ3 ወር ያህል ጸንቶ ከቆየ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን በሐኪም ክትትል ሥር እንጂ ታካሚው በራሱ ውሳኔ የሚያደርገው አይደለም። ከዚህም በላይ ኤሲቲ ባለፈው ዓመት አጣዳፊ ሕመም ደርሶ እንደነበር አይጠይቅም። ሆኖም ባለፈው ዓመት ድንገተኛ ክፍል የገባ ወይም የሚያጨስ ሰው፣ ዛሬ 23 ነጥብ ቢያገኝም ለዳግም ጥቃት ያለው ስጋት ከፍ ያለ ነው። መመሪያው የምልክቶችን ቁጥጥርና የወደፊቱን ስጋት ለየብቻ እንዲመዘኑ የሚያዝዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ዝቅተኛ ነጥብ ማለት ጠንከር ያለ መድኃኒት ያስፈልገኛል ማለት ነው።»
ሊሆን ይችላል፤ ግን አስቀድሞ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ፓፉ በትክክል እየተሳበ ነው? በየቀኑስ ይወሰዳል? በቤት ውስጥ የከሰል፣ የማገዶ ወይም የዕጣን ጭስ አለ? የአፍንጫ አለርጂና የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስም ምልክቶቹን ያባብሳሉ።

«ደህና ነኝ ማለቴ ይበቃል፤ ቅጹንም ቤተሰብ ይሙላልኝ።»
ሰው ሕመምን ይለምዳል። ደረጃ መውጣት የተወ፣ ገበያ መሄዱን ለልጆቹ ያስረከበ ታካሚ ትንፋሹ እንደማያጥር ከልቡ ሊመልስ ይችላል። ለዚህም ነው መጠይቁ ስለ ሌሊት እንቅልፍና ስለ ፓፍ አወሳሰድ በዝርዝር የሚጠይቀው፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃ ደግሞ ከታካሚው ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንበብ ለማይችል ታካሚ ጥያቄው እንዳለ ይነበብለታል፤ አንባቢው ግን መልሱን በድምፁም ሆነ በፊቱ ሊጠቁም አይገባም።