የቀይ እግር ኤሊን አካባቢ ከመልኩ መለየት

ቀይ እግር ኤሊ የየብስ ኤሊ ነው። የትውልድ አገሩ ከፓናማ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ይጀምራል። በኮሎምቢያ፣ በቬንዙዌላ፣ በጉያና፣ በሱሪናምና በብራዚል አልፎ እስከ ቦሊቪያ፣ ፓራጓይና ሰሜን አርጀንቲና ይደርሳል። ሳይንሳዊ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1824 ያወጣለት ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ስፒክስ ነው።

ይህን ያህል ሰፊ ምድር ላይ የተበተነ እንስሳ መልኩ አንድ ዓይነት አይሆንም። አርቢዎችም ሰሜናዊ፣ ሰሜን ምዕራባዊ፣ ደቡባዊና ምሥራቃዊ እያሉ ይለዩታል። በሳይንሱ ሁሉም አንድ ዝርያ ነው፤ እውቅና ያገኘ ንዑስ ዝርያ የለውም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የዘረመል ጥናት 5 የዘር ሐረጎችን ለይቷል። ስለዚህ ልዩነቱ የአርቢዎች ወሬ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ኤሊው የቅርብ ዘመዱ ቢጫ እግር ኤሊ አለመሆኑ ይጣራ። የእግር ቀለም እዚህ ላይ ያሳስታል። የሚሻለው አናቱን ማየት ነው። በቀይ እግሩ ላይ ከአፍንጫው በላይ ያሉት ሁለት ቅርፊቶች አጭር ናቸው፤ ከኋላቸው አንድ ትልቅ ቅርፊት ይከተላል። በቢጫ እግሩ ላይ ሁለቱ ረዘም ይላሉ፤ የኋለኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከፋፈለ ነው።

ኤሊው የመጣበትን አካባቢ ለመገመት ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ጭንቅላቱ ቀለም ነው። በእኔ እምነት ሆዱ የበለጠ ይናገራል። ለዚህ ኤሊውን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ከፍ አድርጎ ከስር ማየት ይበቃል። የሰሜኖቹ ሆድ ገረጣ ያለ ቢጫ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ምልክት አለው። የኮሎምቢያና የፓናማዎቹም ለዚህ ይቀርባሉ፤ ጀርባቸው ግን ከጥቁር ይልቅ ወደ ግራጫ ወይም ቡና ዓይነት ያደላል። ቼሪሄድ የሚባለው የምሥራቅ ብራዚሉ ኤሊ ሆዱ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ነው። ጀርባው በጣም ይጠቁራል፣ ራሱና እግሩ ደማቅ ቀይ ነው፣ ሰውነቱም አነስ ይላል። የሰሜን ወንዶች ከላይ ሲታዩ ወገባቸው ገባ ያለ ነው፤ በቼሪሄድ ወንዶች ላይ ይህ ብዙም አይታይም። ደቡባዊዎቹ ደግሞ በግዝፈት ይታወቃሉ።

አንድ ምልክት ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። ጭንቅላቱ ቀይ የሆነ ሰሜናዊ ኤሊ አለ፤ ይህን ቼሪሄድ ነው ብሎ የሚሸጥም አይጠፋም። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በሰው እጅ የሚደረገው ማዳቀል ነው። ሁሉም አንድ ዝርያ ስለሆኑ የሁለት አካባቢ ኤሊዎች ያለችግር ይዋለዳሉ። የክልሶቹ መልክም ከሁለቱ ወገን ይደባለቃል። የንግድ ወረቀትም ሁልጊዜ አይረዳም። ዝርያው የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ (CITES) ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ስላለ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ላይ የሚጻፈው አገር ግን በእርባታ የተወለደበት ሊሆን ይችላል። የሚሻለው ሻጩን የኤሊውን ወላጆች ፎቶ መጠየቅ ነው፤ በተለይ የሆዳቸውን።