ደረጃ ላይ የሰማኋቸው፦ ስለ ልማዶቻችን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቱሉ ዲምቱ የምኖርበት ብሎክ ደረጃ ላይ መልስ የማይገኝለት ጉዳይ የለም። ሰፈራችን የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት የከተማው ዳርቻ ነው። ከመርካቶ፣ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከጉራጌ የመጣን ሰዎች የኮንዶሚኒየም ዕጣ አገናኝቶን አንድ ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። መብራት ሲጠፋ ከሰሉ ኮሪደር ላይ ይቀጣጠላል፤ ከቡናው ጋር ክርክሩም ይፈላል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው «በእኛ ባህል እኮ...» በሚል ነው። ይህን ሐረግ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል፤ ተከትሎት የሚመጣው ነገር ብዙውን ጊዜ ስህተት ነውና።

«ቡና ከጥንት ጀምሮ የሁላችንም መጠጥ ነበር»

ይህን የሚሉት አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ናቸው። ረከቦት ፊት ተቀምጠው፣ ዕጣኑ እየጤሰ ስለሚሉት ደፍሮ የሚከራከራቸው አይገኝም። ቡና ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎቻችን መገኘቱ እውነት ነው። የደጋው ክርስቲያን ግን ለረጅም ዘመን አይጠጣውም ነበር። ቡና የሙስሊሙና የኦሮሞው መጠጥ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ካህናቱ ያወግዙት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ቡና የአንድ ሃይማኖት ብቻ አለመሆኑን ካህናቱ እንዲቀበሉ አግዘዋል። የስኒዎቹ ስሞችም ይመሰክራሉ፦ አቦል «አወል» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው፣ «የመጀመሪያ» ማለት ነው፤ በረካም በዐረብኛ በረከት ነው። ስለዚህ እማማ በየዕለቱ የሚመርቁበት ቃል ከጅማው ጎረቤታችን አያት ቤት የተዋሱት ነው ማለት ይቻላል። ይህን ስነግራቸው ስኒዬን ተቀብለው ሳይቀዱልኝ ትንሽ ቆዩ።

ፍየሎቹ ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለው ፍየል ጠባቂ ካልዲም ከዚሁ ወገን ነው። ታሪኩን የእኛ የገጠር አፈ ታሪክ አድርገን እናወራዋለን። በጽሑፍ መጀመሪያ የታወቀው ግን በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ፣ አንቷን ፋውስቱስ ናይሮን በተባለ የማሮናይት (የሊባኖስ ክርስቲያን) ምሁር እጅ ነው፤ እሱ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ካልዲ የሚል ስም የለም። ስሙ በኋላ የተለጠፈ ነው።

«ፈረንጅ አንቱታ አያውቅም»

አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የብሎኩን ጥበቃ፣ አባቱን የሚያክሉትን ሰው፣ «አንተ፣ በሩን ክፈት!» ይላቸዋል። ሲቆጡት መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «በእንግሊዝኛ ሁሉም ዩ ነው።» አባቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልጁ ስህተቱን ከትልልቅ ሰዎች እንደተማረው ስለማውቅ።

እንግሊዝኛ እንደ እኛው ሁለት ነበረው። «ዛው» ማለት አንተ፣ «ዩ» ደግሞ እናንተ፤ ይኸው «ዩ» ለታላቅ ሰውም በአክብሮት ይነገር ነበር፣ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ «ቩ» እንደሚሉት። ከዘመን ብዛት የተጣለው «ዛው» ነው። እንግዲህ እንግሊዞች አንቱታን አልጣሉም፤ የጣሉት አንተን ነው። ልጁ ጓደኛውን «ዩ» ሲል በቃሉ ታሪክ መሠረት አንቱ እያለው ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ክዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ለዳኛውም ለመኳንንቱም «ዛው» እያሉ በመናገራቸው ስድቡም ዱላውም ደርሶባቸዋል። ለአንዲት ተውላጠ ስም የተከፈለ ዋጋ ነው።

«ኦሮምኛም አንቱታ የለውም» የሚሉ አጋጥመውኛል፤ እዚሁ፣ ዙሪያው ሁሉ ኦሮምኛ በሚናገርበት ሰፈር! በብዙ አካባቢ «ኢሲን» እናንተም ነው፣ አክብሮትም ነው። ለመስማት ደረጃውን ወርዶ ከወተት ሻጯ ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥ ይበቃል።

«ሰዓታችን ስድስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ነው»

አልቀረም። ቆጠራው የሚጀምረው ከንጋት ነው እንጂ ከእኩለ ሌሊት አይደለም፤ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ከወር ወር ብዙም በማይለዋወጥበት አገር ይህ የተሳካ አሠራር ነው። ብቻችንንም አይደለንም። የስዋሂሊ ተናጋሪም ከጠዋቱ 2 ሰዓትን «ሳ ምቢሊ» ይለዋል፣ ሁለት ሰዓት ማለት ነው።

«ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ እሺ ማለት የሐበሻ ብቻ ነው»

እንግዳ ሰው ሲሰማን የደነገጥን ይመስለዋል። በሰሜን ስዊድን ያለ ሰው ግን አይገርመውም፤ እዚያም በትንፋሽ ስበት «አዎ» ይባላል።

«ድምፅ እያሰማ የሚበላ አስተዳደግ የጎደለው ነው»

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ዱከም፣ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን፣ ቻይናዎች ዘንድ ይሠራል። ምሳ ላይ አለቃው ሳህኑን ወደ አፉ አስጠግቶ የተቀቀለውን ኑድል ፉት እያለ ሲስበው የሚሰማውን ድምፅ እየኮረጀ ደረጃውን በሳቅ ያፈርሰዋል። ትኩስ ነገር በአየር እየሳቡ መብላት በቻይና ብዙ ቦታ ነውር የለውም፤ ጃፓን ውስጥም ኑድል በድምፅ ይበላል። አለቃው በበኩሉ ጎረቤቴ በእጁ የጠቀለለውን እንጀራ ወደ አፉ ሲያቀርብለት ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ነበር አሉ። ጉርሻን የናቀ መስሎት ጎረቤቴ ሳምንት አኩርፏል። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ ለማስታረቅ አልሞክርም። የገረመኝ ግን፣ በድምፁ የሳቀው ሰው በጉርሻው ማኩረፉ ነው።

«እድር ከጥንት የወረስነው ነው፤ በሌላ አገርም የለም»

ባለፈው እሑድ የብሎካችንን እድር ለማቋቋም «ኮሚናል» በምንለው የጋራ ቤት ተሰበሰብን፤ በዓል ሲመጣ በግ የምናርድበት ስለሆነ ወለሉ ዛሬም ደም ደም ይሸታል። ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ስህተት በአንድ ትንፋሽ።

የአባላት መዝገብ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ገንዘብ ያዥ ያለው እድር የገጠር ሳይሆን የከተማ ልጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከዘመዱ ርቆ የመጣ ሰው «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ ያበጀው ነው፤ የተስፋፋውም በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታትና ከዚያ ወዲህ ነው። የወሎው ጋሼ «ቅሬስ?» ብለው ተነሡ። ልክ ናቸው፤ በለቅሶ መረዳዳት የቆየ ነው። አዲሱ ነገር መዝገቡና መዋጮው ነው። እኛም ከየአቅጣጫው መጥተን ዕጣ ያገናኘን ሰዎች የምናደርገው ያኔ የተደረገውን ነው፤ ልዩነቱ ጥሩምባ ነፊው በቴሌግራም መተካቱ ብቻ ነው።

በሌላ አገር የለም ለሚለው ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሠራተኞች የቀብር ማኅበራት ነበሯቸው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዛሬም አሉ። እኔ የምወደው ግን በሮም አጠገብ፣ ላኑቪየም በተባለች ከተማ የተገኘውን ደንብ ነው። በ136 እ.ኤ.አ. ድንጋይ ላይ የተቀረጸ የቀብር ማኅበር መተዳደሪያ ነው፤ ከአባላቱ ውስጥ ባሪያዎችም ነበሩ። መግቢያው 100 ሰስተርስ (የሮማውያን ሳንቲም) እና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ጠጅ ነው። መዋጮው በየወሩ ይከፈላል። ቅጣትም አለው፦ በግብዣ ላይ ለመረበሽ ብሎ ከወንበር ወንበር የሚዘዋወር 4 ሰስተርስ፣ ሌላውን አባል የሚሰድብ 12፣ ሰብሳቢውን የሚሰድብ 20።

ይህን ሳነብላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው «ሰብሳቢውን የሚሰድብ ስንት ነበር ያልከው?» አሉኝ። ጸሐፊውም እስክሪብቶውን አነሣ፦ «በብር ስንት እናድርገው?»