ኪውአር ኮድ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያዋጣል?

ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቶ በቴሌብር ስካን አድርጎ የከፈለ ሰው ኪውአር ኮድ አዲስ አይሆንበትም። ያው ኮድ የመጽሐፍ ሽፋን ወይም መደርደሪያ ላይ ሲለጠፍ ግን ሥራው ይለያል። ተማሪው ስልክ ሲያስጠጋበት ስለ መጽሐፉ አጭር አስተያየት፣ የተቀዳ ንባብ ወይም ጥያቄ ይከፈትለታል።

ኮዱ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ፣ በዴንሶ ኩባንያ ነው። ቡድኑን የመራው ማሳሂሮ ሃራ ነበር፤ የታሰበውም የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር እንጂ ለንባብ አልነበረም። ሦስቱ ጥግ ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ለካሜራው አቅጣጫ ስለሚነግሩት ስልኩ ተዘቅዝቆም ቢሆን ያነባል። ከፍተኛው የስህተት ማረሚያ (የተበላሸውን ክፍል ከቀረው ላይ መልሶ የሚያገኝበት ዘዴ) ከተመረጠ ደግሞ 30 በመቶ ገደማው ቢበላሽም ይሠራል። ስንት እጅ ለሚፈራረቅበት መጽሐፍ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፦ ኢንተርኔት የማይፈልግ ኮድም አለ። ሊንክ ከማስገባት ይልቅ ጽሑፉን ራሱን ኮዱ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ያኔ ዳታ ቢያልቅ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ ግድ የለም። ትልቁ ኮድ 2,953 ባይት ይይዛል፣ አንድ የአማርኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ 3 ባይት ስለሚወስድ ወደ 980 ፊደል ማለት ነው፤ እሱም ማረሚያው ዝቅተኛ ሲሆን። እስከ አፉ ከሞላ ግን ነጠብጣቦቹ ይደቅቁና ርካሽ ስልክ ያቅተዋል። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እሱንም ቢሆን ተማሪ ቢጽፈው ይሻላል። «ልጁ ደብዳቤውን ለምን ቀደደው? ምዕራፍ 6 ላይ አለልህ፣ እኔ አልነግርህም» ብሎ የክፍል ጓደኛው የጻፈለትን ያነበበ ልጅ መጽሐፉን ሳይገልጥ አይሄድም። የመምህር ማጠቃለያ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ማንም አያነበውም።

ስልክስ? ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ አንድ ስልክ ወይም ታብሌት ይቀመጥና በቡድን ተራ ይዘው ይጠቀማሉ። ለጨዋታም ይመቻል፦ ጂኦግራፊ መደርደሪያ ላይ «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ለምን ይሞቀናል?» የሚል ኮድ ይለጠፋል። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ መሆናቸውን መጽሐፍ ገልጦ ያገኘ ቡድን ወደ ሚቀጥለው መደርደሪያ ያልፋል።

በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። መጽሐፍ በሌለበት መደርደሪያ ላይ ስቲከር መለጠፍ ፌዝ ነው፤ በጀት ካለ መጀመሪያ መጽሐፍ ይገዛ። ኮዱ ራሱ ወጪው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ በነፃ ኮድ እንሥራላችሁ የሚሉ አንዳንድ ድረ ገጾች የሚሰጡት በእነሱ ሰርቨር በኩል የሚያልፍ ኮድ ነው፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጋል። «ስታቲክ» የሚለውን፣ ማለትም በማንም ሰርቨር በኩል የማያልፈውን ምረጡ፣ ደርዘን ሙሉ ከማተማችሁ በፊትም አንዱን ፕሪንት አድርጋችሁ በአሮጌ ስልክ ሞክሩት።