ያለ አሳታሚ የሚሠሩ ሙዚቀኞችን በበይነ መረብ ማግኘትና መገምገም፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ከአሳታሚ ኩባንያ ጋር ውል ሳይፈርሙ በራሳቸው ወጪ ዘፈን ቀርፀው የሚያወጡ ሙዚቀኞችን ፈልጎ ማግኘትና ስለ ሥራቸው በጽሑፍ አስተያየት መስጠት፣ በበይነ መረብ ዘመን የራሱ ተቋማት፣ የራሱ ልማድና የራሱ ጭቅጭቅ ያለው ተግባር ሆኗል። የሚሠሩት የሬዲዮ አዘጋጆች፣ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈላቸው ጸሐፊዎች፣ ሙዚቀኞች ራሳቸውና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የኮምፒውተር ስሌቶች ናቸው። የመቅረጫ ዋጋ ከዓመት ዓመት ረክሷል፤ ማሰራጨትም ከሞላ ጎደል ነጻ ሆኗል። የአድማጭ ሰዓት ግን አልጨመረም። ከዚህ በታች የሚነሱት ድረ ገጾች ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የተከራከሩት በዚህ ጉዳይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበይነ መረብ በፊት

ሙዚቀኞች ሥራቸውን በካሴት ቀርፀው ለሬዲዮ ጣቢያና ለአሳታሚ በፖስታ ይልኩ ነበር። እሽጉን ከፍተው ከሚያዳምጡት ጥቂቶች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ጆን ፒል ነው፤ ከ1967 ጀምሮ በ2004 እስኪሞት ድረስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ሠርቷል። በ1978 አንደርቶንስ የተባሉትን የሰሜን አየርላንድ ወጣቶች ዘፈን አጫውቶ እንደጨረሰ፣ ወዲያው መልሶ ከመጀመሪያው አጫውቶታል። በአገራችን ደግሞ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፣ አምሀ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1969 ክልከላውን ተዳፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሙዚቃ በሸክላ ተቀርፆ እንዲተርፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ድፍረት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ድረ ገጾች

በ1993 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክሩዝ ጄፍ ፓተርሰን፣ ሮብ ሎርድና ጆን ሉኢኒ «አዩማ» በሚል ምሕፃር የሚታወቀውን የበይነ መረብ የሙዚቃ ማኅደር መሠረቱ። መነሻው ቀላል ነበር፦ ፓተርሰን የሚጫወትበት ቡድን አሳታሚ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ አንድን ዘፈን በስልክ መስመር ማውረድ ትዕግሥት ይፈታተናል፤ እንዲያም ሆኖ ማንም የማያውቃቸው ቡድኖች ከሌላ አገር የመልእክት ምላሽ ማግኘት ጀመሩ። ድርጅቱ በ2000 ልጃቸውን «አዩማ» ብለው ለሚሰይሙ ወላጆች 5,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ የተቀበሉም ቤተሰቦች ተገኝተዋል። ልጆቹ ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ናቸው፤ ድርጅቱ ግን የለም።

ማይክል ሮበርትሰን በሳን ዲዬጎ ያቋቋመው ኤምፒስሪ ዶት ኮም በሐምሌ 1999 አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ከ370 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ዘፈኑ በተደመጠ ቁጥር ለባለቤቱ የሚከፍልበት አሠራር ነበረው፤ ይህም ተመሰገነ፣ ወዲያውም ተበላሸ። ሙዚቀኞች እየተማከሩ አንዱ የሌላውን ዘፈን ደጋግሞ መክፈት ጀመሩ፤ የሰንጠረዡም ከፍተኛ ቦታ የጥሩ ዘፈን ሳይሆን የብዙ ወዳጅ ምልክት ሆነ። ኩባንያው በ2000 ባወጣው ሌላ አገልግሎት ምክንያት በትልልቆቹ አሳታሚዎች ተከሶ ከተረታ በኋላ ለቪቬንዲ ዩኒቨርሳል ተሸጠ። ያን ሁሉ ያለ አሳታሚ የመጣ ሙዚቃ በመጨረሻ የወሰደው በዓለም አንደኛ የሆነው አሳታሚ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጋራዥባንድ

የግምገማ ነገር ሲነሳ ከሁሉ በላይ ሊጠና የሚገባው ጋራዥባንድ ዶት ኮም ነው። በ1999 ከመሠረቱት አንዱ የቶኪንግ ሄድስ ቡድን አባል የነበረው ጄሪ ሃሪሰን ነው። ስሙን አፕል ለሙዚቃ መቅረጫ ፕሮግራሙ የተጠቀመበት በ2004 ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ያን ፕሮግራም ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዘፈኑን ያለ ክፍያ ለውድድር ማቅረብ የፈለገ ሙዚቀኛ በቅድሚያ የሌሎችን 30 ዘፈኖች በ15 ጥንድ ሰምቶ መገምገም ነበረበት። ድረ ገጹ ሁለት ዘፈኖችን በዕጣ ያቀርብለታል፤ የማን እንደሆኑ አይነግረውም። ሁለቱንም አዳምጦ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ይመርጣል፤ ለእያንዳንዳቸውም አስተያየት ይጽፋል። የተሰወረው ስም ይፋ የሚሆነው ግምገማው ከገባ በኋላ ነው። ከጥንዶቹ በተገኘው ውጤት ዘፈኖቹ በየዘርፋቸው ደረጃ ይይዛሉ፤ ለምርጥ ከበሮ፣ ለምርጥ ጊታር፣ ለምርጥ የድምፅ አወጣጥና ለመሳሰሉት የተለየ ምስጋና ይሰጣል።

የዚህ ሥርዓት ብልሃት ገምጋሚውን ከሜዳ አለማምጣቱ ነው። የሚጽፈው ራሱ ነገ የሚጻፍበት ሰው ነው። በዚህም ምክንያት አስተያየቶቹ ከጋዜጣ ሂስ የተለዩ ነበሩ፤ ስለ ዘፋኙ ሕይወት ወይም ስለ ዘመኑ መንፈስ ከማውራት ይልቅ ከበሮው እንደ ራቀ፣ መግቢያው እንደ ረዘመ፣ ድምፁ ከጊታሩ ሥር እንደ ተቀበረ ይናገራሉ። ለስቱዲዮ የሚከፍለው ገንዘብ ለሌለው ወጣት ይህ ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጣል። ተቺዎች በሌላ በኩል፣ ጥንድ ማወዳደር ማንንም የማያስቀይም ለስላሳ ዘፈን ከፍ ያደርጋል፤ እንግዳ የሆነውን ይገፋል ይላሉ። ክሱ መሠረት የለውም ባይባልም፣ ከዚያ በኋላ የመጣ የትኛውም መድረክ ለእያንዳንዱ ያልታወቀ ሙዚቀኛ ይህን ያህል የተጻፈ ቃል አላስገኘም። ድረ ገጹ በ2010 ተዘጋ።

የ2006ቱ ሙከራ

ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ሁሉ የላቀ ነው። ብዙም ከማይታወቁ ቡድኖች 48 ዘፈኖችን ሰብስበው ለ14,341 ሰዎች አቀረቡ። ከፊሎቹ ሌላው ምን እንዳወረደ ሳያዩ መረጡ። ሌሎቹ በስምንት የተለያዩ «ዓለማት» ተከፍለው፣ በየራሳቸው ዓለም ውስጥ የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደ ወረደ እያዩ መረጡ። በጣም ጥሩ የተባሉት ዘፈኖች እምብዛም አልወደቁም፤ በጣም ደካሞቹም እምብዛም አልተነሱም። መካከለኞቹ ግን የትም ሊደርሱ ይችሉ ነበር፦ ሌላው ያወረደውን የማያዩት አድማጮች 26ኛ ያደረጉት አንድ ዘፈን፣ በአንዱ ዓለም አንደኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ሆኗል። የማውረጃ ቁጥርን ከዘፈን ስም አጠገብ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሁሉ ይህን ውጤት ሊያነበው በተገባ ነበር።

ማይስፔስ

በ2003 የተጀመረው ማይስፔስ የተባለ የማኅበራዊ ትስስር ድረ ገጽ ለቡድኖች ዘፈን የሚያስደምጡበት ገጽ ሰጠ። ከዚሁ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራው የእንግሊዟ ሼፊልድ ቡድን አርክቲክ መንኪስ ነው። በጥቅምት 2005 ነጠላ ዘፈናቸው በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ፤ በጥር 2006 የወጣው አልበማቸው በመጀመሪያው ሳምንት 363,735 ቅጂ ተሸጠ። «ማይስፔስ የፈጠራቸው» የሚባለው ግን አከራካሪ ነው። ቡድኑ በየመድረኩ በነጻ ያደላቸውን ሲዲዎች አድናቂዎች በበይነ መረብ እንዳሰራጯቸው፣ ገጹንም የከፈቱት አድናቂዎች እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ አባላቱ ተናግረዋል። ዘፈኑ አንደኛ በወጣበት ጊዜ ዶሚኖ ከተባለው አሳታሚ ጋር ፈርመውም ነበር።

ሃያሲያኑ፣ እና የቶሮንቶው ልጅ

ራያን ሽራይበር በ1990ዎቹ አጋማሽ በሚኒያፖሊስ የጀመረው የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ ፒችፎርክ ከ10 ነጥብ እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ እየሸረፈ በሚሰጠው ውጤት ታወቀ። በ2005 ክላፕ ዩር ሃንድስ ሴይ የህ የተባለው የኒውዮርክ ቡድን ራሱ አሳትሞ ራሱ ለሚሸጠው ሲዲ 9.0 ሲሰጥ፣ የአንድ ጸሐፊ ቃል ያለ አሳታሚ ገበያ እንደሚከፍት ታየ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ሃይፕ ማሽን የብዙ ጸሐፊዎችን ምርጫ ባንድ ገጽ መሰብሰብ ጀመረ። ፒችፎርክ በ2015 ለመጽሔት አሳታሚው ኮንዴ ናስት ተሸጦ በ2024 ከጂኪው መጽሔት ጋር ተቀላቅሏል።

የዚህ ዘመን ትልቁ ምሳሌ ግን የእኛው ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በቶሮንቶ የተወለደውና በአያቱ እጅ አማርኛ እየተናገረ ያደገው አቤል ተስፋዬ፣ በ2010 መጨረሻ ሦስት ዘፈኖችን ያለ ፎቶግራፍና ያለ ስም በዩቲዩብ ላይ አኖረ። አድማጩ አንድ ሰው ይሁን ቡድን አላወቀም። ዘፈኖቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረው የቶሮንቶው ራፐር የድሬክ ድረ ገጽ ላይ ደረሱ። በመጋቢት 2011 «ዘ ዊክንድ» በሚለው ስም የመጀመሪያውን ሙሉ ሥራውን ማንም በነጻ እንዲያወርደው ለቀቀ፤ ፒችፎርክ 8.5 ሰጠው፤ ሥራው ለካናዳው የፖላሪስ ሽልማትም በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት ሁለት ተጨማሪ ሥራዎችን እንዲሁ በነጻ አወጣ። ከሪፐብሊክ አሳታሚ ኩባንያ ጋር የተፈራረመው በ2012 ነው፤ ያን ጊዜ ሦስቱ ሥራዎች ተሰብስበው ለሽያጭ ቀረቡ። ያስነሳው ድሬክ ነው የሚሉ አሉ። የድሬክ ድጋፍ እንደ ረዳው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በነጻ ወርዶ በየጸሐፊው የተሞገሰው የልጁ ድምፅ ነው፤ ዜማውን ሲያርገበግብ የእኛን ዘፋኞች የሰማ ጆሮ የት እንደ ሰማው ያውቃል።

የሬዲዮ ጣቢያዎች

የአውስትራሊያው ትሪፕል ጄ «አንኧርዝድ» የተባለውን መርሐ ግብር በ1995 ጀምሮ በ2006 ወደ በይነ መረብ አመጣው፤ አድማጮችና የጣቢያው አዘጋጆች ኮከብ ይሰጣሉ፣ አስተያየት ይጽፋሉ። ዘፋኟ ሚሲ ሂጊንስ በ2001 በዚሁ መርሐ ግብር ስታሸንፍ ዘፈኗን የላከችው እህቷ ነበረች። ቢቢሲ በ2007 «ኢንትሮዲዩሲንግ»ን አቋቋመ፤ ሙዚቀኛው ዘፈኑን ሲልክ በሚኖርበት አካባቢ ለሚገኘው የቢቢሲ ሬዲዮ አዘጋጆች ይደርሳል።

ባንድካምፕ

በ2008 ሥራ የጀመረው ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ሽያጩ 5,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ 10 በመቶ ይወስዳል፤ ቀሪው፣ የክፍያ ማስተናገጃ ወጪ ተቀንሶ፣ የሙዚቀኛው ነው። ከመጋቢት 20 ቀን 2020 ጀምሮ በወረርሽኙ መድረክ ለተዘጋባቸው ሙዚቀኞች የራሱን ድርሻ የሚተውባቸውን ዓርቦች አበጀ። ከአልበሙ ምስል አጠገብ የገዢዎች ትንንሽ ፎቶዎች ይደረደራሉ፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ አንድ ሁለት አረፍተ ነገር ጽፈው፣ የወደዱትን ዘፈን ጠቁመዋል። አስተያየት ሰጪው ገንዘቡን ያወጣ ሰው ስለሆነ ቃሉ ክብደት አለው፤ በአንጻሩ ያልወደደው ስላልገዛ፣ ነቀፋ በዚያ ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ድርጅቱ በ2016 የራሱን ዕለታዊ የሂስ ገጽ ከፈተ። በ2022 ለቪዲዮ ጨዋታ ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ተሸጠ፤ በ2023 ደግሞ ለሙዚቃ ፈቃድ ሻጩ ሶንግትሬደር ሲሸጥ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ተሰናበቱ።

ተከፍሎ ማዳመጥ

በ2015 የተቋቋመው ሰብሚትሀብ ሙዚቀኛው ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ ዘፈኑን ለጸሐፊዎችና በማሰራጫዎች ላይ የዘፈን ዝርዝር ለሚያዘጋጁ ሰዎች የሚልክበት ነው። ክፍያውን የተቀበለው ቢያንስ 20 ሰከንድ ማዳመጥና በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ደጋፊዎቹ የተከፈለው ለማዳመጥ እንጂ ለማሞገስ አይደለም ይላሉ፤ ነቃፊዎቹ የድሮው የሬዲዮ ጉቦ ታጥቦ ተመልሶ መጣ ባይ ናቸው። ይህ ዳሰሳ በመካከላቸው አይፈርድም። ነገር ግን በ2023 መጀመሪያ በየቀኑ ወደ 120,000 የሚጠጉ ዘፈኖች በማሰራጫዎች ላይ ይጫኑ እንደነበር ሲታሰብ፣ ሀያ ሰከንድ እንኳ ለምን ዋጋ እንዳወጣ ይገባል። ስፖቲፋይ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በዓመት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አቁሟል።

በኢትዮጵያና በአማርኛ

በካሴት ዘመን ወጣቱ ዘፋኝ ሥራውን ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት ይሄድ፣ ባለቤቱም ወይ ገዝቶ ያሳትመው ወይ ይመልሰው ነበር። ዛሬ ቦታውን በብዛት የያዘው ዩቲዩብ ነው። ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስ፣ ጆኒ ራጋና ዳዊት ነጋ በ2019 አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲያስጀምሩ፣ ዘፈን በቀጥታ ከሙዚቀኛው ወደ አድማጩ ስልክ የሚደርስበትና ባለቤቱ የሚካስበት መንገድ ለመክፈት ነበር፤ ኤልያስ በዚያው ዓመት ጥቅምት አረፈ። መሸጫው ተገኘ፤ ያልታወቀን ዘፋኝ አዳምጦ በአማርኛ ረጋ ብሎ የሚጽፍ ሃያሲ ግን ዛሬም እንደ ልብ አይገኝም። ከዘፈኑ ሥር የሚደረደረው «ምርጥ ሥራ» የሚል ምርቃት ለዘፋኙ ደስታ ነው፤ ትምህርት አይሆነውም።

የኃይሉ መርጊያ ጉዳይ ከዚህ ርዕስ ትንሽ ይወጣል፤ መተው ግን አይቻልም። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1985 በአሜሪካ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀረፀው ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በብራያን ሺምኮቪትዝ እጅ ገባ። ሺምኮቪትዝ ከ2006 ጀምሮ የአፍሪካ ካሴቶችን በድረ ገጹ ያስደምጥ የነበረ አሜሪካዊ ነው። ባለቤቱን ፈልጎ ሲያገኘው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2018 ደግሞ ኃይሉ አዲስ አልበም አወጣ።

የጠፉና የተረፉ ማኅደሮች

ኤምፒስሪ ዶት ኮም በ2003 መጨረሻ ሲዘጋ የሙዚቀኞቹ ገጾች አብረው ጠፉ። የአዩማ ይዞታ በ2012 ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ለሁሉ ክፍት የሆነ የበይነ መረብ ማኅደር ዳግም ለሕዝብ ቀርቧል። ማይስፔስ በ2019 ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑ ፋይሎች መረጃ ሲያዛውር እንደ ጠፉበት አመነ፤ ኪሳራው 50 ሚሊዮን ዘፈን እንደሚሆን ተገምቷል። ቀደም ሲል ለጥናት ብለው ቅጂ ይዘው ከነበሩ ሰዎች 490,000 ያህሉ ተገኝተው በዚያው ዓመት ሚያዝያ በኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም ገብቶ በቡድን ስም ፈልጎ ሊያደምጣቸው ይችላል።