የኒክሰንና የኪሲንጀር የዝግ በር ምክክር

የኒክሰንና የኪሲንጀር ምክክር የሚባለው ከ1969 እስከ 1974 አሜሪካን የመሩት ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ከብሔራዊ ደኅንነት አማካሪያቸው ከሄንሪ ኪሲንጀር ጋር ለብቻቸው ያደርጓቸው የነበሩ ውይይቶች ናቸው (ቀኑም ወሩም ዓመቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መሪና አማካሪ በር ዘግተው መነጋገራቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ባለሟል የሌለበት ቤተ መንግሥት የለም። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ምክክር ልዩ የሚያደርገው፣ ከሚኒስትሮች ሳይቀር ተደብቆ የተወራው ነገር ከብዙ ይፋዊ ስብሰባ በላይ ተመዝግቦ መቅረቱ ነው። ያስመዘገቡትም በየፊናቸው ራሳቸው ናቸው።

ኪሲንጀር በ1923 ጀርመን ውስጥ ፊርት በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1938 ከወላጆቻቸው ጋር ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ ገቡ፤ በኋላም የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆኑ። ከኒክሰን ጋር ቀድሞ የቆየ ወዳጅነት አልነበራቸውም። እንዲያውም ያማክሩ የነበሩት በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ የኒክሰን ተፎካካሪ የነበሩትን ኔልሰን ሮክፌለርን ነው። ኒክሰን በጥር 1969 ሥልጣን ሲይዙ ግን አጠገባቸው ያስቀመጧቸው እሳቸውን ነበር።

ኒክሰን ፊት ለፊት መከራከር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሚኒስትሮችን ሰብስቦ ከማሟገት ይልቅ ቢጫ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ለብቻቸው መቀመጥ፣ ሐሳባቸውንም ለአንድ ሰው ደጋግመው ማውራት ይመርጡ ነበር። ለዚህም ከፕሬዚዳንቱ ዋና ቢሮ ከኦቫል ኦፊስ ሌላ፣ ከዋይት ሐውስ ምዕራባዊ ክንፍ መንገድ ተሻግሮ ባለው የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ መሸሸጊያ ቢሮ ነበራቸው። ምሽት ላይ ደግሞ በመኖሪያው ክፍል ያለችው የሊንከን ትንሿ ሳሎን አለች። ምድጃው እንዲነድላቸው ስለሚወዱ በበጋ ሙቀት እንኳ አየር ማቀዝቀዣው ተከፍቶ እሳቱ ይነድ ነበር። አማካሪው የሚጠሩት እንዲህ ወዳለው ክፍል ነው።

ወሬው እንደ መንግሥት ሰነድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አልነበረም። ከቬትናም ይነሳና ወደ ጋዜጠኞች ሐሜት ይዞራል፤ ከዚያ ሞስኮ ይደርስና ተመልሶ ትናንት ማታ የተደረገው ንግግር እንዴት እንደነበር ይጠየቃል። ኪሲንጀርም ንግግሩ ግሩም እንደነበር ይመሰክራሉ። የተቀረጸውን ድምፅ ያዳመጠ ሰው እንደሚታዘበው፣ ከአማካሪው ሥራ ገሚሱ እውቀት ከሆነ ገሚሱ ማባበል ነበር። ይህ ጥቃቅን ይመስላል፤ ግን የአሜሪካ ፖሊሲ ለአምስት ዓመታት የተሸመነው በዚሁ መሐል ነው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሮጀርስ የኒክሰን የድሮ ወዳጅ ቢሆኑም ከእልፍኙ ውጪ ቀሩ። የሶቪየቱ አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒን ቁም ነገሩን የሚጨርሱት ከኪሲንጀር ጋር ነበር። በጦር መሣሪያ ቅነሳ ላይ በይፋ የሚደራደሩት የአሜሪካ ልዑካን በግንቦት 1971 ስለተደረሰው ስምምነት የሰሙት ጉዳዩ በጓዳ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ኪሲንጀር ፓኪስታን ውስጥ ሆዴን አመመኝ ብለው ከሰው ዓይን ተሰወሩ፤ ከሐምሌ 9 እስከ 11 የነበሩት ግን ቤይጂንግ ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ከቹ ኤንላይ ጋር ነበር። ጉዞው መሳካቱን ለኒክሰን ያበሰሩት «ዩሬካ» በምትል አንዲት የምሥጢር ቃል ነው። ሮጀርስ ይህንንም ያወቁት በመጨረሻው ሰዓት ነው። ኒክሰን በየካቲት 1972 ቻይናን የጎበኙት በዚህ መንገድ በተከፈተ በር ነው። እንግዲህ ምሥጢሩ ውጤት አላመጣም ማለት አይቻልም።

ኒክሰን ሥልጣን እንደያዙ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሊንደን ጆንሰን የተከሉትን መቅረጫ አስነቅለው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው በየካቲት 1971 የራሳቸውን አስተከሉ። የጥበቃ ባልደረቦቹ አምስት ማይክሮፎን በኦቫል ኦፊስ ጠረጴዛ ውስጥ፣ ሁለት ደግሞ በምድጃው አጠገብ ካሉት መብራቶች ላይ ቀበሩ። መሣሪያው ድምፅ ሲሰማ በራሱ ይነሳል። ቴፑ ስስ፣ አቀራረጹም ቀርፋፋ ስለነበር ጥራቱ ደካማ ነው። አንድ ሰው የቡና ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፣ ጦርነትና ሰላም የሚወስነው ዓረፍተ ነገር ግን ከሥሩ ይሰምጣል። እንዲያም ሆኖ እስከ ሐምሌ 1973 ድረስ 3,700 ሰዓት ገደማ ተቀረጸ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሃልደማን ኋላ እንደተናገሩት፣ መቅረጫው ካስፈለገበት ምክንያት አንዱ አማካሪው በኋላ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ቢተርኩት መልስ የሚሆን ማስረጃ መያዝ ነበር።

በኪሲንጀር ቢሮም ሥራ አልተፈታም። ስልክ ሲደወል ጸሐፊዎቻቸው ድምፃቸው በማይሰማ ሌላ መስመር ገብተው እያዳመጡ ይጽፉ ነበር። በዚህ ዓይነት የተጠራቀመው 20,000 ገጽ ገደማ ነው። በ1976 መጨረሻ ወረቀቱን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በአደራ ሰጡት፤ ያውም እሳቸው ከሞቱ አምስት ዓመት ሳይሞላ እንዳይከፈት በሚል ስምምነት። ሆኖም ወረቀቱ ይከፈት አይከፈት የሚለው ክርክር አላረፈም፤ የኒክሰን ዘመን የስልክ ግልባጮች በ2004 ለሕዝብ ተከፈቱ። ኪሲንጀር 100 ዓመት ሞልቷቸው ያረፉት በኅዳር 2023 ስለሆነ፣ ተደብቆ እንዲቆይ የፈለጉት ነገር ሲነበብ ለ20 ዓመት ያህል ቁጭ ብለው አዩት ማለት ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ከወጡት ንግግሮች ብዙ መዘዝ ያመጣው በ1971 ስለ ሕንድና ፓኪስታን ቀውስ የተነገረው ነው። የፓኪስታን ጦር በዛሬዋ ባንግላዴሽ ሕዝብ ላይ እልቂት ሲፈጽም ዳካ የነበሩ የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ለዋሽንግተን የተቃውሞ ቴሌግራም ላኩ። ኋይት ሐውስ ግን ፓኪስታን የቻይና ጉዞ ድልድይ ስለነበረች ለማስከፋት አልፈለገም፤ ቆንስላው አርቸር ብለድም ከቦታቸው ተነሱ። በኅዳር የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ዋሽንግተን መጥተው ከኒክሰን ጋር በተወያዩ ማግሥት ሁለቱ ሰዎች እንግዳይቱን በጸያፍ ስድብ ሲያነሱ ቴፑ ይሰማል። ይህ በ2005 ሲወጣ ኪሲንጀር በአነጋገራቸው መጸጸታቸውን ገለጹ።

ለእኔ ከስድቡ የሚከብደው በነሐሴ 3 ቀን 1972 የተነገረው ነው። ኪሲንጀር፣ ደቡብ ቬትናምን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይዞ የሚያቆይ ብልሃት ይገኝ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ግድ አይሰጠውም ሲሉ ይሰማል። የቬትናምን ጦርነት ለማቆም የታሰበው የፓሪሱ ስምምነት በጥር 1973 ተፈረመ፤ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ደግሞ ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1975 ወደቀች። እስረኛ በሌለው፣ ሬሳ በማይታይበት ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ረጋ ብሎ ማስላት ይቻላል።

አንዳንዱ ደግሞ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት እየተፋፋመ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሂዝ ኒክሰንን በስልክ ማነጋገር ይፈልጋሉ። ኪሲንጀር ለረዳታቸው ለስኮክሮፍት የሰጡት መልስ፣ ቀደም ሲል ሳነጋግራቸው ፕሬዚዳንቱ ጠጥተው ነበር የሚል ነው። ይህም በስልክ ግልባጩ ላይ ሰፍሮ ቀርቷል።

የእኛም አገር ጉዳይ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልፏል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለመጨረሻ ጊዜ ኋይት ሐውስ የገቡት በግንቦት 1973 ነው። ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት መሣሪያ እየታጠቀች ስለነበር ብዙ የጦር መሣሪያ ጠየቁ፤ የፈለጉትን ሳያገኙ ተመለሱ። አሜሪካኖቹ አስመራ የነበረውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያቸውን የሚፈልጉበት ጊዜ እያለፈ ነበር። ያኔ በጠረጴዛው ውስጥ ያሉት ማይክሮፎኖች ገና አልተነቀሉም።

የተነቀሉት ከሁለት ወር በኋላ፣ አሌክሳንደር በተርፊልድ የተባሉ ባለሥልጣን ሐምሌ 16 ቀን ኋላ ኒክሰንን ሥልጣን ያስለቀቀውን የዋተርጌት ቅሌት ለሚያጣሩ መርማሪዎች የመቅረጫውን መኖር ሲናገሩ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተወራው በቴፕ የለም። በነሐሴ 7 ቀን 1974 ምሽት፣ ኒክሰን ሥልጣን ሊለቁ መወሰናቸውን ለሕዝብ ከመናገራቸው አንድ ቀን በፊት፣ ኪሲንጀርን ወደ ሊንከን ሳሎን አስጠሩ። ሁለቱ ረጅም ሰዓት ተጨዋወቱ፤ ኒክሰን አለቀሱ፤ በመጨረሻም አብረው ተንበርክከው ጸለዩ። ኪሲንጀር ወደ ቢሮአቸው ከተመለሱ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ማልቀሴን ለማንም አትንገር ብለው ለመኑ። በሌላኛው መስመር ከኪሲንጀር ረዳቶች አንዱ እንደተለመደው እያዳመጠ ነበር።