«ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም»፦ በጅማ ለአዲስ ተጋቢዎች የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ ኑሮን የሚጀምሩት በመንደራ፣ በቆጪ ወይም በጊንጆ በኩል በተገኘ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት፣ ግቢውን ከአከራይና ከሌሎች ተከራዮች ጋር እየተጋሩ ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ ምክር አይጠፋም። አከራይዋ እትዬ፣ የባል እናት፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት፣ ሁሉም ከልምዱ ያካፍላል፤ አብዛኛውም የሚጠቅም ነው። የማይጠቅመውን ልብ ብሎ ላየው ግን ብዙው ምክር የሁለት ሰው የሆነውን ጉዳይ ለአንዱ፣ በአመዛኙም ለሚስት፣ የሚያሸክም ሆኖ ይገኛል። ከዚህ የሚለየውና ከሁሉም አደገኛ የሆነው የመጀመሪያው ነው።

«ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱም ካለቀ አይጎዳም»

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙም ፋታ አይሰጥም። ማታ ብርዱ ሲበረታ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ቡና የተፈላበትን ምድጃ ወደ ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። ምድጃውን የሚያስገባው ሰው በበኩሉ ጥንቃቄ እንዳደረገ ያምናል፤ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሎ፣ አራግቦ፣ ጥቁሩ ሁሉ ፍም እስኪሆን ጠብቋልና። ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ደምቆ በቀላበትም ጊዜ ሆነ አመድ ለብሶ የጠፋ በመሰለበት ጊዜ መውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል በመሆኑ፣ ሰውየው እየተነፈሰም ቢሆን ሰውነቱ ይታፈናል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የራስ መዞርና የጉልበት መክዳት ናቸው። ባልና ሚስት በአንድ ምሽት ሁለቱም ራሳቸውን ካመማቸውና ወደ ደጅ ሲወጡ ከቀለላቸው፣ ጉንፋን ነው ብለው ከማለፋቸው በፊት ምድጃውን ይጠርጥሩ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ወደ ከፋ ደረጃ ሊደርስ ይችላል። «ከሰል መታኝ» ያለን ሰው ሎሚ አሽትቶ ማስተኛት፣ ወይም ፍሙ ላይ ጨው መነስነስ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ጨው ጋዙን አያጠፋውም፤ ሎሚም ከደም ውስጥ አያስወጣውም። የሚያስፈልገው በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ከሆነም ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጋዙ ወደ ፅንሱም ስለሚያልፍ፣ እሷ የተሻላት ቢመስላትም መታየት ይኖርባታል። መስኮቱን በትንሹ ገርበብ ማድረግ ዋስትና ስለማይሆን፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፍም ያለበት ምድጃ ማሳደር ፈጽሞ አይገባም።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ ቆጣሪ ይበላል፤ ለሁለት ሰው እንጀራ መግዛት ይሻላል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ አንድ ሰዓት ቢሠራ አሥር ዋት የሚወስድ አምፖል ከ300 ሰዓት በላይ የሚያበራበትን ኃይል ይጨርሳል። ነገር ግን ብክነቱ ያለው ከመጋገሩ ይልቅ በማሞቁ ላይ ነው። በየሁለት ቀኑ አራት አራት እንጀራ የሚያወጣ ቤት በእያንዳንዱ ጊዜ ቀዝቃዛውን ምጣድ እንደ አዲስ ያሞቃል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በተከታታይ የሚጋግር ቤት ግን ለዚህ የሚከፍለው አንዴ ብቻ ነው። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በሞቀው ምጣድ እንድትቀጥል ማድረግም ያው ቁጠባ ነው፤ ቆጣሪው የጋራ በሆነበት ግቢ ደግሞ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

እርግጥ ነው፣ በጅማ እርጥበት የሳምንት እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። አንዱ ምክንያት አቀማመጡ ነው፤ ትኩሱ እንጀራ ሳይቀዘቅዝ ከተደራረበ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ በመሶቡ ክዳን ላይ ወዝቶ ይታያል፣ ተመልሶም ላዩ ላይ ይንጠባጠባል። እያንዳንዱን በሰፌድ አውጥቶ ማቀዝቀዝና ከዚያ በኋላ መደረብ፣ ፍሪጅ ያለውም ከፊሉን እዚያ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያራዝመዋል። አረንጓዴውን ቆርሶ ጥሎ የቀረውን መብላት ግን ትክክል አይደለም፤ እንደ እንጀራ ባለ ለስላሳና እርጥብ ምግብ ውስጥ የሻጋታው ክሮች ዓይን ከሚያየው ነጠብጣብ አልፈው ይሰራጫሉ።

«ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ይህን የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ሆቴል ሄደው ወንድ የሠራውን ክትፎ አመስግነው ይበላሉ። ሁለቱም ሥራ ውለው በሚገቡበት ቤት ሽንኩርት መክተፍ የፆታ ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

«ደመወዙ የእኔ ስለሆነ ንብረቱም የእኔ ነው»

ይህን ወንዱም ሴቷም ሲሉት ይሰማል። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመናቸው በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ ሁሉ፣ በጋብቻ ውል የተለየ ስምምነት ካላደረጉ በስተቀር፣ የጋራ ሀብታቸው ነው። ጅማን የሚመለከተው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ በዚህ ረገድ ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ስለዚህ በባል ስም ሊብሬ የወጣለት ባጃጅ ስሙ ስላለበት ብቻ የባል አይሆንም፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ብዙዎች የሚስቱት የግልና የጋራ የሚለዩበትን መስመር ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ እንዲሁም ከጋብቻ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ፣ የግል ሆኖ ይቀጥላል። አንዲት ሴት ጎማ ወረዳ ከአባቷ የወረሰችው የቡና ማሳ ካላት፣ በውርስ ያገኘችው መብት የግሏ ነው፤ በጋብቻው ዘመን ከማሳው ከተለቀመው ቡና ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ግን፣ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ስለሚሆን፣ የሁለቱ ነው። በተመሳሳይ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ይጠየቃል። ቤት ውላ ልጅ የምታሳድግ ሚስት «ምንም አላስገባችም» ተብላ ከጋራ ሀብት ድርሻዋን የምታጣበት ሕጋዊ ምክንያት የለም።

ከዚሁ ጋር፣ «በኒካህ ወይም በቤተ ክርስቲያን ብቻ የተጋባ ሕጋዊ ጋብቻ የለውም» የሚለውም ትክክል አይደለም። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት እና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን እኩል ይቀበላል። ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገቡ ግን ኋላ ከሚመጣ የማስረጃ ጣጣ ያድናል።

«ከመጀመሪያ ልጅ በፊት መከላከያ የወሰደች ትመክናለች»

በዚህ ፍርሃት ምክንያት ኪራይና ትምህርት ሳያረጋጉ ለመውለድ የሚገደዱ ጥንዶች ጥቂት አይደሉም። እውነታው በየትኛውም ጊዜያዊ መከላከያ መካንነት የማይመጣ መሆኑ ነው። እንክብል ያቋረጠች ወይም በክንዷ የተቀበረውን ያስወጣች ሴት የመፀነስ ዕድሏ በአጭር ጊዜ ይመለሳል። ወሬውን ያመጣው በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ ይመስለኛል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና በአማካይ ወደ 10 ወር ገደማ ሊዘገይ ይችላል፣ ይህን ያላወቀች ሴትም በአምስተኛው ወር መከነች ተብላ ታለቅሳለች። መዘግየቱ አላፊ ስለሆነ፣ በቅርቡ መውለድ የሚያስቡ ጥንዶች ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ዕቅዳቸውን ተናግረው ሌላውን ዓይነት ቢመርጡ ይበጃል።

«ዓመት ሞልቶ ካልወለዱ ችግሩ የእሷ ነው»

ሐኪሞች መካንነት የሚሉት ያለ መከላከያ ለ12 ወራት መደበኛ ግንኙነት ተደርጎ እርግዝና ሳይከሰት ሲቀር ነው፤ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ከ6 ወር በኋላ መመርመር ይመከራል። ስለዚህ በአራተኛው ወር «ምነው፣ ገና ነው?» የምትል አማት ከሐኪሞቹ ቀድማለች። መንስኤው ከሴቷ፣ ከወንዱ ወይም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፤ ወንዱም ግንኙነት መፈጸም መቻሉ ዘሩ በቂና ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። እንዲህም ሆኖ እሷ ከጸበል ወደ ሼኽ፣ ከአልትራሳውንድ ወደ ሌላ አልትራሳውንድ ስትመላለስ እሱ አንድም ጊዜ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። በተቃራኒው የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ከእሷ ምርመራ ጎን ለጎን በመጀመሪያው ቀጠሮ ሊደረግ ይገባል። አንድ ውጤት ዝቅ ማለቱም የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለፈ ከባድ ትኩሳት ቁጥሩን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል፤ በመሆኑም በቅርብ ወራት ወባ ይዞት የነበረ ባል ይህንኑ ለሐኪሙ ተናግሮ ምርመራውን ከጥቂት ወራት በኋላ መድገም ይኖርበታል።