የጓሮ አትክልትና ጥንቸል በአንድ ግቢ

ከ50 እስከ 100 ካሬ ሜትር ባዶ ቦታ ያለው ግቢ የአንድ ቤተሰብን ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሊያበቅል ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ግን ፍግ ነው። ላም ለማሰር ቦታም መኖም የለም፤ ከውጭ የሚገዛው ፍግ ደግሞ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ጥንቸል ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላሉ። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ጥንቸል ማርባት የሚያዋጣው በቅድሚያ በፍጉ ነው፤ ሥጋው ሁለተኛ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 11፥6 ጥንቸል ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ ከማይበሉት እንስሳት ተቆጥሯል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ቤተ እስራኤልም አይበሉትም። በአብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ግን የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የሚያረባ ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት ገዢውን ማግኘት አለበት። ገዢ ሳይዙ በአሥር ሴት መጀመር በስድስት ወር ውስጥ መኖ አቅራቢ ብቻ ሆኖ መቅረት ነው።

በአማርኛ ጥንቸል የምንለው ሁለት የተለያዩ እንስሳትን ነው። የዱሩ ልጆቹን ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ይወልዳል፤ ለማዳው፣ መነሻው አውሮፓ የሆነው፣ ራቁታቸውንና ዓይናቸው ተጨፍኖ ይወልዳቸዋል። ሁለቱ አይዳቀሉም፤ የዱሩን ይዞ ለማልመድ መሞከርም ከንቱ ድካም ነው። ለእርባታ የሚመረጡት ኒውዚላንድ ኋይት፣ ካሊፎርኒያንና ቺንቺላ የመሳሰሉት መካከለኛ ዝርያዎች ናቸው።

ቤቱ

ለአንዲት እናት 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድና 45 ከፍታ ያለው ቤት ይበቃል። ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከሥሩ ፍግ መዛቅ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። የወለሉ ሽቦ ቀዳዳ 1.3 በ2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፍጉ ይወርዳል፣ እግር አይሾልክም። ተራው የዶሮ ሽቦ ለግድግዳ እንጂ ለወለል አይሆንም፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ የትንንሾቹን እግር ይሰብራል፣ ቀጭን ስለሆነም የትልልቆቹን ውስጥ እግር ያቆስላል። ሽቦ ከታጣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በ1.3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይደረደራል። በአንዱ ጥግ የምታርፍበት ጣውላ ይቀመጥላት።

ጥንቸል ብርድን ይችላል፤ ዝናብን፣ ወጨፎንና ሙቀትን ግን አይችልም። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ያለከልካል፣ መብላት ያቆማል፤ ወንዱም ለሳምንታት ሊመክን ይችላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ከላዩ ወይም ከሥሩ ሳር ካልተደረገበት ቀትር ላይ ምድጃ ይሆናል። ድመት፣ ሽለምጥማጥና አይጥ የሚገቡበት ቀዳዳ መደፈን አለበት፤ አራስ ልጆችን ጠራርጎ የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ አይጥ ነው።

መኖ

4 ኪሎ የሚመዝን ጥንቸል በቀን ከ600 እስከ 800 ግራም ለምለም ሳር ይበላል፤ ድርቆሽም ከፊቱ ሊጠፋ አይገባም። ለሦስት ትልልቆችና ለልጆቻቸው በቀን ከ5 ኪሎ ያላነሰ ቅጠል መታጨድ አለበት፤ ይህ ሳር ከየት እንደሚመጣ ሳያስቡ መጀመር የተለመደው ስሕተት ነው። በአጥር ጥግ ደሾ ወይም ዝሆን ሳር፣ በመደቦቹ ዳር የስኳር ድንች ሐረግ፣ ቦታ ከተገኘ አልፋልፋ ይተከል። የካሮትና የቆስጣ ቅጠል ይበላል። ጎመንና ጥቅል ጎመን በጥቂቱ ብቻ ይሰጥ፤ ሲበዛ ሆድ ይነፋል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ የአቮካዶ ቅጠል፣ ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎ መርዝ ናቸው፤ ከአረም ጋር ተቀላቅለው እንዳይገቡ አጫጁ ያውቃቸው። ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠልም ወደ ጥንቸል ቤት አይሂድ።

ጤዛ ወይም ዝናብ ያለበት ሳር ለጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ ይጠውልግ። ለምታጠባ እናት 100 ግራም ያህል ፉርሽካ ይጨመርላት፤ ደረቁ ብናኙ አፍንጫ ስለሚገባ በትንሽ ውኃ ይርጠብ። ያቺው እናት በቀን ከአንድ ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች።

ጥንቸል ሁለት ዓይነት ፍግ አለው። ደረቁ ከወለሉ ሥር የምናገኘው ነው። ለስላሳውን ራሱ ከመቀመጫው ተቀብሎ ይበላዋል፤ ያልተፈጨውን ምግብ ሁለተኛ የሚጠቀምበት መንገድ ስለሆነ እንደ በሽታ ተቆጥሮ ሊከለከል አይገባም።

ርቢ

ሴቷ ከ5 እስከ 6 ወር ሲሆናት ከወንድ ጋር ለመገናኘት ትደርሳለች። ሁልጊዜ እሷ ወደ ወንዱ ቤት ትወሰድ እንጂ እሱ ወደ እሷ አይግባ፤ ቤቷን ስለምትከላከል ትነክሰዋለች። እርግዝናው ወደ 31 ቀን ነው። በ28ኛው ቀን 45 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መውለጃ ሳጥን ከደረቅ ሳር ጋር ይገባላታል፤ ከሆዷ ጠጉር እየነጨች ታነጥፈዋለች። ሳጥኑ ዘግይቶ ከገባ ሽቦ ላይ ትወልድና በብርድ ያልቃሉ።

እናቲቱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለጥቂት ደቂቃ ታጠባለች። ይህን የማያውቅ ሰው ትታቸዋለች ብሎ ልጆቹን እየነካካ ያውካቸዋል። ማለዳ ሆዳቸው ክብና የተወጠረ ከሆነ ጠብተዋል፤ የተሸበሸበ ከሆነ ያኔ ይታሰብበት። እናት ልጆቿን የምትበላው ባብዛኛው ውኃ ሲጠማት ወይም ውሻና ግርግር ሲያስደነግጣት ነው። ልጆቹ ከ10 እስከ 12 ቀን ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ በ35 ቀን ጡት ይጥላሉ፣ 3 ወር ሳይሞላቸው ወንድና ሴት ይለያሉ።

ብዙ የሚሞቱት ጡት በጣሉ ሰሞን ነው፦ መኖው በአንድ ጊዜ ይቀየራል፣ ተቅማጥ ይጀምራል። ቀስ በቀስ መቀየርና ድርቆሽ ማብዛት ከመድኃኒት ይቀድማል። ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክም በቆሸሸ ወለል ይዛመታል። የጆሮ እከክ ሲታይ የእንስሳት ሐኪም አይቨርሜክቲን ይወጋል። አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን ግን በአፍ ፈጽሞ አይሰጡም፤ የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍተው ጥንቸሉን ይገድሉታል። አንዳንድ የዶሮ መኖም ለዶሮ ኮክሲዲያ የተጨመረበት መድኃኒት ስላለው ለጥንቸል መርዝ ነው።

ከቤቱ ወደ መደቡ

ደረቁ ፍግ ናይትሮጅኑ ወደ 2 በመቶ ይደርሳል፤ ከላም ፍግ የጠነከረ ሆኖ እንደ ዶሮ ኩስ ግን ተክል አያቃጥልም። ለጎመንና ለቲማቲም በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ በቀጥታ ከአፈር ጋር ይደባለቃል። ሽንት የጠጣው ድርቆሽ ግን ችግኝ ስለሚያደርቅ ወደ ኮምፖስት ይሂድ። በጥሬው ለሚበሉት ሰላጣና ካሮት ከ2 እስከ 3 ወር የበሰለ ኮምፖስት ብቻ ይግባ፤ ጥሬ ፍግ ያገኘ ካሮት ቅጠሉ ይንዠረገግና ሥሩ እንደ ሹካ ይከፈላል። ኮምፖስቱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ተደርጎ በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጣል። በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ የሚወጣው እርጥበቱ ልክ ነው።

መደቡ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ይሰፋል፤ ከሁለቱም ወገን እጅ መሐሉን እንዲደርስ እንጂ አፈሩ እንዲረገጥ አይደለም። ካሮት እዚያው ይዘራል፣ ችግኙ ከወጣ በኋላ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሳሳል። ጎመንና ቲማቲም በችግኝ ይጀምራሉ። ችግኝ አንገቱ ቀጥኖ የሚወድቀው ተጨናንቆ ሲዘራና ማታ ውኃ ሲበዛበት ነው፤ ማለዳ ማጠጣትና አሳስቶ መዝራት ይበጃል።

ጊዜው በጾም ቢሰላ ይሻላል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ጎመን በችግኝ ላይ ከ4 እስከ 5 ሳምንት፣ ከተዛወረ በኋላ እስከ መጀመሪያው ቆረጣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ኅዳር መግቢያ የተዘራ ለ55ቱ ቀን ይደርሳል። በደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስላለ ችግኙ ሌሊት ሳር ይልበስ።

ቲማቲም በክረምት ምች ይመታዋል። ከመስከረም በኋላ መትከል፣ በእንጨት መደገፍ፣ አፈር የሚነኩትን ቅጠሎች ማንሳትና ውኃን ከሥሩ ማጠጣት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። ድንች ወይም ቃሪያ በነበረበት መደብ ወዲያው አይተከል። ከ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በኢትዮጵያ የታየው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል ቅጠሉን ከውስጥ ይቦረቡራል፤ የተቦረቦረው ቅጠል ተለቅሞ ይቃጠል። ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሳሙና ውኃ ከቅጠሉ ሥር ቢረጭ ይበቃዋል፤ ሲዘገይ ግን የወረሰውን ቅጠል ቆርጦ መጣል ብቻ ይቀራል።

ጎመን ሲቆረጥ ከታች ወደ ላይ ነው፤ አናቱ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። የሸመገለው የታች ቅጠል፣ ያልተረጨ ከሆነ፣ በጥቂቱ ከድርቆሹ ጋር ወደ ጥንቸሎቹ ይመለሳል።